ባለቤቱ እስኪቆም

ጋሼ ጸጥታ መድረኩ ላይ ተዘርረው ነፍሳቸው ስትወጣ፣ ፊት ለፊታቸው ከተቀመጡት አራት ሰዎች አንዳቸውም ከወንበራቸው አልተነሡም። አንዷ እንዲያውም በአድናቆት ራሷን ነቅንቃለች።

ይህ ለሰሚው ግራ ነውና ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ዘመናዊ ድርሰትን በሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምረው ከሕንፃው ጀርባ ባለች ትንሽ አዳራሽ ነው። ግድግዳዋ ድምፅ እንዳያስተጋባ በግራጫ ስፖንጅ ተለብጧል፤ በሯ ላይ «ኦቾሎኒ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በዚህች አዳራሽ የሚፈጸም ሥርዓት አለ። ተማሪው ድርሰቱን ስሙን ሳይጽፍ፣ የእጅ ጽሑፉም እንዳያሳብቅበት በኮምፒውተር ጽፎ በር ላይ ባለው ሣጥን ይጨምራል። ጋሼ ጸጥታ ሣጥኑን ይከፍቱና እጃቸው የገባውን ኖታ እዚያው መድረኩ ላይ ተቀምጠው በክላርኔታቸው ይጫወቱታል። ማን እንደደረሰው አይታወቅም። አይወራም፣ አይሳልም፣ አይጨበጨብም። ድርሰቱ አለቀ የሚባለው ደራሲው ከመቀመጫው ብድግ ሲል ብቻ ነው። «ባለቤቱ ይቆማል» ይሉታል። ባለቤቱ እስኪቆም ድረስ የተሰማው ሁሉ፣ የወንበር ሲጥታም ይሁን ዝምታ፣ ድርሰት ነው።

ሻምበል ይህን ሥርዓት የተማረው ተዋርዶ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ሲመራ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ «አሁን ደግሞ ልማር» ብሎ ከልጁ እኩዮች ጋር የተቀመጠ ሰው ነው። በገባ ሰሞን አንድ ድርሰት መሐል ላይ ዝም ሲል ያለቀ መስሎት አጨበጨበ፤ ያውም እንደ ሰልፍ ሜዳ በሙሉ መዳፉ። ጋሼ ጸጥታ ክላርኔታቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሻምበል፣ ሰልፉ ገና ነው» አሉት። ሳቁ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሻምበል የትም ቦታ፣ የገዛ ልጁ ምረቃ ላይ እንኳ፣ ከማጨብጨቡ በፊት የጎረቤቱን እጅ ያያል።

እንግዲህ በዚያ ሐሙስ ከሣጥኑ የወጣው ኖታ ዝግ ያለ፣ ከሹክሹክታ እምብዛም የማይበልጥ ድርሰት ነበር። ጋሼ ጸጥታ ጥቂት እንደተጫወቱ አንዲት ረጅም ድምፅ ላይ ደርሰው ያዟት። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በቱቦው ውስጥ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ ከጉሮሯቸው ፉጨት የሚመስል ነገር ወጣ። አንገታቸውን ቧጠጡ፤ በእግራቸው ወለሉን ደበደቡ፤ የኖታ ማስቀመጫውን ተደግፈው አብረውት ወደቁ፤ ወረቀቱም ከሥራቸው ቀረ።

ያለፈው ሐሙስ ድርሰት ለተበላሸ ማቀዝቀዣና ለሁለት ማንኪያ የተጻፈ ስለነበረ ማንም አልደነገጠም።

ከሻምበል በቀር። ያንን ፉጨት ሻምበል ያውቀዋል። ጭስ የበላቸው ወታደሮች ሲተነፍሱ ሰምቶታል። ጉልበቱ ሊነሣ ተንቀሳቅሶ ነበር። ግን ግራና ቀኙን አየ። ፒያኒስቷ፣ የክፍሉ ኮከብ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ራሷን ትነቀንቃለች። «ባለ ኬብሉ» የሚሉት፣ ገመድና ማዳመጫ ከአንገቱ የማይለየው ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ በተመስጦ ያዳምጣል። ከኋላ ረድፍ የጋሼ ጸጥታ ምክትል እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኗል። እነዚህ ሁሉ ዐዋቂዎች ድርሰት ነው ካሉ፣ ድርሰት ነው። ሻምበል ጉልበቱን መለሰ።

ማንም አልቆመም። ዝምታው ረዘመ። በመጨረሻ ፒያኒስቷ በሹክሹክታ፣ «የማናችሁ ነው? ኧረ ባለቤቱ ይቁም!» አለች። ያን ጊዜ ጋሼ ጸጥታ ቀዝቅዘው ነበር።

ሻምበል ቤቱ ሲገባ ልጁ ወሬው ቀድሞ ደርሷት ጠበቀችው። ልጁ ነርስ ናት፤ የሆስፒታል ፈረቃዋን ከእሱ የትምህርት ሰዓት ጋር እያገጣጠመች፣ ክፍያውንም ችላ የምታስተምረው እሷ ናት።

«አባዬ፣ ሰውዬው ሲታፈኑ አንተ የት ነበርክ?»

«ውጭ፣ ኮሪደር ላይ» አለ። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«ውስጥ ብትሆን ኖሮ ታድናቸው ነበር» አለችና ትከሻውን ዳበስ አደረገችው። እጇ እሳት ሆነበት።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሯ መጣች። አጠር ያለች፣ ሰፊ ቦርሳ የምታንጠለጥል፣ በጣቢያዋ «እትዬ ለምን» የሚል ስም የወጣላት ሴት ናት። ማስታወሻ አትይዝም። ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን ታያለች። ሻምበልን መጀመሪያ ያስጠራችው ያለ ምክንያት አልነበረም።

«የክላርኔቱን ሸምበቆ የሚሠሩላቸው እርስዎ ነዎት አሉ።»

«አዎ። አፉ ላይ የምትታሰረዋን ስስ ሸምበቆ እየፋቅሁ አስተካክልላቸዋለሁ። የባንድ ሙያ ነው።»

«ስድስት ሸምበቆ ነበራቸው። አምስቱ ንጹሕ ናቸው። አንደኛው፣ አፋቸው ውስጥ የነበረው፣ የኦቾሎኒ ዘይት ተቀብቷል። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አይቻለሁ። ለሳቸው ኦቾሎኒ መርዝ እንደሆነ የማያውቅ የለም ማለት ነው?»

«የለም። የነፍስ አድን መርፌ ሁልጊዜ ከክላርኔቱ ሣጥን አይለይም ነበር።»

«ትናንት ተለይቷል። በፒያኖው መሸፈኛ ጨርቅ ሥር አገኘነው። ስለዚህ በስሕተት የሆነ አይደለም።» ጣቶቹን አየች። «ገዳዩ ለምን ያቺን ሸምበቆ ብቻ ቀባ፣ ሻምበል? ስድስቱንም አይቀባም?»

ሻምበል ጣቶቹን ሰበሰበ። መልሱ ወደ ራሱ እንደሚመለስ ገባው። «ስድስቱን ቢቀባ ሲያገላብጡ ይሸታቸዋል። ያቺ ሸምበቆ... ያቺ የሳሳችው ናት። ለሹክሹክታ ድምፅ ብቻ ናት የምታገለግለው። ሌላ ጊዜ አይነኳትም።»

«እንግዲያው የቀባው ሰው፣ ከሣጥኑ የሚወጣው ድርሰት የሹክሹክታ እንደሆነ ቀድሞ ያውቅ ነበር።»

«ይመስለኛል።»

«ያቺን የሳሳች ሸምበቆ ማን ፋቃት?»

«እኔ» አለ ሻምበል። «ሰኞ ዕለት። ጋሼ ራሳቸው ጠይቀውኝ።»

ኢንስፔክተሯ ቦርሳዋን አነሣች። «እኔ ኖታ ማንበብ አልችልም። እርስዎ ያነቡልኛል። ከእኔ ጋር ይዞራሉ።»

«እኔ? እኔን አይጠረጥሩኝም?»

«ከሁሉ አብልጬ ነው እንጂ የምጠረጥርዎት» አለች፣ በሩን እየከፈተች። «ስለዚህ ነው ከዓይኔ እንዲርቁ የማልፈልገው።»

ፒያኒስቷን መለማመጃ ክፍል ውስጥ፣ የፒያኖው ክዳን ተዘግቶ አገኟት። ዓይኗ አብጧል።

«የተጫወቱት ድርሰት ያንቺ ነው?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«የኔ ቢሆን ኖሮ እቆም ነበር!» አለችና አለቀሰች። «ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? ሰውዬው ሲወድቁ፣ ምነው ይህን እኔ በደረስኩት ብዬ ቀናሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።»

«ሲወድቁ ምን እየተጫወቱ ነበር?»

«ረጅም ዶ ይዘው ነበር። ዶው ተሰበረና ትንፋሽ ብቻ ቀረ።»

«ድምፅ ሲሰማሽ ስሙን እንዲህ ወዲያው ታውቂዋለሽ?»

«እኔና ምክትሉ እናውቃለን። እሱማ የጆሮ መምህራችን ነው፤ የበር ደወል እንኳ ስም አለው ለሱ።» ሻምበልን ሰረቅ አድርጋ አየችና አንገቷን ደፋች።

ባለ ኬብሉ ደግሞ ገና ሳይጠየቅ ይምል ጀመር። የእሱ አይደለም፤ ኖታውን አላየም፤ የሁሉንም ሰው ድርሰት በኮምፒውተር የሚጽፍ እሱ ነው የሚባለው ሐሰት ነው።

«ስለ ኮምፒውተር የጠየቀህ አለ?» አለችው ኢንስፔክተሯ። «እጅህ ለምን ኪስህ ውስጥ ተቀበረ?»

«ብርድ ነው።»

«ብርድ ነው! እስቲ ብርድህን አውጣው።»

የወጣው ስልክ ነበር። ሐሙስን መቅዳት ክልክል ነው፤ ባለ ኬብሉ ግን ሁልጊዜ በድብቅ ይቀዳል። የጋሼ ጸጥታ መጨረሻ ከነትንፋሹ ተቀድቷል። ኢንስፔክተሯ እያዳመጠች ሳለ ልጁ ከወገቡ እየታጠፈ ሄደ።

«ሌላም ነገር አለ፣ አይደል?» አለችው ቀስ ብላ።

«ትንፋሹን...» አለና ስልኩን አየ። «ትናንት ከሰዓት ትንፋሹን ቆርጬ አዲሱ ድርሰቴ ውስጥ አስገባሁት። መሞታቸውን ዐውቄ ነው ያስገባሁት። በጣም ያምር ስለነበር።»

ሻምበል ፊቱን አዞረ። ሊሰድበው ቃጣውና ምን አፍ ኖሮት እንደሚሰድበው አጣ።

ምክትሉ በቢሮው ተቀበላቸው። ጠረጴዛው ንጹሕ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሐዘኑ ልከኛ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ የቫዮሊን ድርሰት ስሙ ገንኖ፣ በዚያው ምክትልነቱን ያገኘ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ የዚያ ምሽት ፎቶ ተሰቅሏል።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማዳምጠው» አለ። «ዓይን ጆሮን ያሳስታል። ስለዚህ መውደቃቸውን እንኳ አላየሁም። ረጅሟ ሬ ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁትን የድርሰቱ አካል አድርጌ ነው የቆጠርኩት። ይህ ያሳፍረኛል።»

«ኖታውን ከዚያ በፊት አይተውት ነበር?»

«ማንም ሊያየው አይችልም። የሥርዓታችን ጠቅላላ ትርጉሙ ያ ነው።»

«በኋላስ? ሬሳው አጠገብ?»

«አልቀረብኩም። ስልክ ለመደወል ወጣሁ።»

«ክላርኔት ይጫወታሉ?»

ፈገግ አለ። «እኔ የቫዮሊን ሰው ነኝ። አፌን የማውቀው ለመናገሪያ ነው።»

ከዚያ ሲወጡ ኢንስፔክተሯ ሻምበልን ባዶው አዳራሽ ውስጥ አስቀምጣ ኖታውን ዘረጋችለት። ከሬሳው ሥር የተነሣ ስለሆነ አንድ ጥጉ ተጨማዷል።

«ያንብቡልኝ። መጀመሪያ፣ ሰውዬው እንዲወድቅ የሚያዝ ነገር አለ?»

«የለም። ረጅሟ ድምፅ አልቃ ዜማው ይቀጥላል። ሦስት ገጽ ይቀራል።»

«ይህን የደረሰው ሰው እንግዲህ፣ መታፈኑ የድርሰቱ አለመሆኑን ያውቅ ነበር። ማን ነው?»

ሻምበል መነጽሩን አስተካክሎ ረጅም ጊዜ አየው። አንድ ነገር ገና ከመጀመሪያው መስመር ሸቶታል። ዜማው ደረጃ በደረጃ ይወጣና ወደ ተነሣበት ሲመለስ አንድ ደረጃ ሲቀረው ይቆማል፤ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ሲቀረው። «ይህቺ አረማመድ የምክትሉ ናት» አለ። «የዚያ የቫዮሊን ድርሰት አረማመድ ናት፣ ቁርጥ።»

«የእሱ ነው ታዲያ።»

«እንደዚያ ልል ነበር። ግን ይህን ይዩ።» በየመስመሩ አናት ላይ ያሉትን ትንንሽ ምልክቶች አሳያት። «የመተንፈሻ ቦታዎች ናቸው። ቫዮሊን አይተነፍስም፤ የቫዮሊን ሰው እነዚህን ይረሳቸዋል። ሲያስታውስም ወጣት እንደሚተነፍስ አድርጎ ነው የሚያስቀምጣቸው። እነዚህ ግን በጣም ተቀራርበዋል። ይህ ሳንባው የደከመ ሽማግሌ ክላርኔት ነፊ ለራሱ ያስቀመጠው ነው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «የጋሼ ነው። ራሳቸው ደርሰው፣ ራሳቸው ሣጥን ከተቱት። ለዚህ ነው ሸምበቆዋን እንዳሳሳ ያዘዙኝ።»

ኢንስፔክተሯ መድረኩን አየች። «ለዚህም ነው ማንም ያልቆመው። ሁላችሁም ባለቤቱን ስትጠብቁ፣ ባለቤቱ ወለል ላይ ነበር።»



«አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ ብሏል» አለች ቆይታ። «ፒያኒስቷ ዶ ትላለች። ምክትሉ ሬ ይላል። እርስዎም ትናንት ለፖሊሱ በሰጡት ቃል ሬ ብለዋል። አንዲት ድምፅ እንዴት ሁለት ስም ይኖራታል?»

ሻምበል መልሱን ያውቀዋል፤ ከዚህ ሕንፃ ውጭ ያለ ሰው ግን አያውቀውም። «ፒያኒስቷ ተሳስታ ነው» ቢል፣ ነገሩ በዚያው ይሞታል። እውነቱን ቢናገር ገመዱን በገዛ አንገቱ ማጥለቁ ነው፤ ሸምበቆዋን የፋቀ እሱ፣ የሹክሹክታ ድርሰት እንደሚመጣ ሊገምት የሚችል እሱ፣ አሁን ደግሞ ይህ። ልጁ ፊቱ ላይ ድቅን አለች። እስር ቤት ልትጠይቀው ስትመጣ፣ ኮሪደር ላይ ነበርኩ ያለውን አባቷን።

ትናንት ዝም ብሏል። ዝም ብሎ ያየው ነገር ደግሞ ዓይኑን ሲጨፍን ይመጣል።

«ክላርኔት የተለየ ጠባይ አለው» አለ። «ወረቀቱ ላይ ሬ ተብሎ የተጻፈው፣ ሲነፋ የሚሰማው ዶ ሆኖ ነው። አሠራሩ ነው። ስለዚህ የሰማ ሰው ዶ ይላል። ሬ የሚለው... ወረቀቱን ያየ ሰው ነው።»

«ወይም?»

«ወይም ጣት ያየ። እኔ ክላርኔት ነፊ ነኝ፤ ከፊት ተቀምጬ ነበር፤ ጣታቸው ሬ ላይ ነበር፣ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሐል። ስለዚህ ሬ አልኩ። ግን እንዲህ እንደሆነ የሚመሰክርልኝ የለም።»

ኢንስፔክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ሳይሆን ፊቱን አየችው። «ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ አላውቀውም ነበር።»

«ዐውቃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ አራቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ትናንት የተቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ራሷ ከፒያኖው ተደግፋ ቆመች።

«ነገሩ አጭር ነው» አለች። «የተቀባችው የሳሳችው ሸምበቆ ብቻ ናት። ስለዚህ ገዳዩ ሐሙስ የሚመጣው ድርሰት የሹክሹክታ መሆኑን ያውቅ ነበር። ድርሰቱ ደግሞ የሟቹ የራሳቸው ነው።»

ባለ ኬብሉ፣ «የጋሼ?» ብሎ አፉን ከፈተ። ፒያኒስቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ማንን ስትጠብቅ እንደነበር ገባት።

«ግን ጋሼ ኮምፒውተር አይነኩም። ኖታው ደግሞ በኮምፒውተር ነው የተጻፈው። ከእናንተ አንዱ ጽፎላቸዋል ማለት ነው፤ አንዳችሁም ግን አይተነው አናውቅም ብላችኋል። ሻምበል፣ ይነሡ። ፊትዎን ወደ ግድግዳ ያዙሩ። ልጄ፣ አንድ ድምፅ ምቺለት።»

ፒያኒስቷ ወደ ፒያኖው ሄዳ አንድ ቁልፍ ነካች።

«ምንድን ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሻምበል ስፖንጁን አየ። ጆሮው ጫፍ ድረስ ቀላ። «ፋ?»

«ላ ናት» አለች ፒያኒስቷ በጭንቀት።

«ሌላ።»

«ሶል... አይ፣ ሚ።»

«ሲ ናት» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ሊያለቅስ የደረሰ ነው። «እትዬ፣ ይብቃው። ሻምበል በጆሮ አያውቅም። በጆሮ ፈተና ከእኔ ነው የሚቀዳው። ሁላችንም እናውቃለን።»

ሁላችንም እናውቃለን! ሻምበል ግድግዳውን እንዳየ ቀረ። ይህን ሁሉ ጊዜ እንደደበቀው ነበር የሚያውቀው።

«ይዙሩ» አለችው ኢንስፔክተሯ፣ ለስለስ ብላ። «አሁን እርስዎ።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «በጆሮ ክፍልዎ ተማሪ ድምፅን በምን ስም ነው የሚጠራው?»

«በሚሰማው ስም። በመሣሪያው ስም መጥራት የጣት ሥራ ነው። እኔ ዘንድ ዜሮ ያሰጣል።»

«እርስዎ ተሳስተው ያውቃሉ?»

ምክትሉ ተማሪዎቹን አየና ፈገግ አለ። «እነሱን ይጠይቋቸው።»

ኢንስፔክተሯ የባለ ኬብሉን ስልክ ከቦርሳዋ አውጥታ ነካችው። የጋሼ ጸጥታ ክላርኔት አዳራሹን ሞላ፤ ቀስ ያለ፣ የሚወጣና የማይመለስ ዜማ። ረጅሟ ድምፅ መጣች። ገና ሳትንቀጠቀጥ አቆመችው።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«ዶ» አለ ምክትሉ።

ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነው፤ እንደ ማስነጠስ። ወዲያው ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ዛሬ ጠዋት ሬ ብለውኛል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሻምበልም ሬ ብለዋል። እሳቸው ግን በጆሮ እንደማያውቁ አሁን አየን፤ ክላርኔት ነፊ ናቸው፤ ያዩትን ጣት ነው የነገሩኝ። እርስዎ ክላርኔት አይጫወቱም። ዓይንዎ ተጨፍኖ ነበር። ጆሮዎ ዶ ነው የሚለው። ሬ የምትገኘው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ከሬሳው ሥር ነበር። መቼ አዩት?»

ፒያኒስቷ መምህሯን ልትረዳው ፈለገች። «ምናልባት... ጠዋት ተሳስተህ ይሆናላ! ሰው ደንግጦ ይሳሳታል።»

መውጫ በር ነበር፤ ሰፊ በር። «አዎ ተሳሳትኩ» ቢል ኢንስፔክተሯ ሌላ ማስረጃ ፍለጋ ስትባዝን ትከርም ነበር። ምክትሉ አፉን ከፈተ። ተማሪዎቹ ያዩታል። ሻምበልም ያየዋል፤ ላን ከፋ የማይለየው ሻምበል።

«እኔ ድምፅ አልሳሳትም» አለ።

«ዐውቃለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሻምበል፣ ስለ ዜማው የነገሩኝን ይንገሯቸው።»

ሻምበል ተናገረ፤ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ሲቀረው ስለሚቆመው ዜማ። ሳይጨርስ ፒያኒስቷ፣ «የቫዮሊኑ ድርሰት!» ብላ ጮኸች። «የጋሼ ነበር እንዴ?»

ምክትሉ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁልቁል አያቸው። «ረቂቁን እንድጽፍላቸው ሰጥተውኝ ነበር» አለ። «ኋላ፣ ተዉት፣ አልረባም አሉ። እኔ አነሣሁት። ሲጨበጨብልኝ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ምንም አላሉኝም። ዓመት ሙሉ! በየቀኑ ደኅና አደርክ ይሉኛል፤ በየቀኑ ዛሬ ያጋልጡኛል እላለሁ። ከዚያ ይህን አዲሱን አምጥተው ጻፍልኝ አሉ። ያንኑ ዜማ። ሐሙስ ሲጫወቱት ይጨርሱና ባለቤቱ እሳቸው ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ ጆሮ ያለው ሁሉ...» አልጨረሰውም።

«ለምን ለእርስዎ ሰጡ? ሌላ የሚጽፍ ጠፍቶ ነው?»

«ቀድሜ እንድናገር ነበር የፈለጉት» አለ ምክትሉ። «'እስከ ሐሙስ ጊዜ አለህ' አሉኝ። እኔ እኮ ልናገር ነበር። ረቡዕ በራቸው ላይ ቆሜ ነበር። እጄ አላንኳኳ አለ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ማንንም አላየም፤ ማንም እሱን አላየውም።

ኢንስፔክተሯ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ሻምበል መንገዷ ላይ ቆመ።

«አንድ ነገር አልጠየቁኝም» አለ።

«የሚያስፈልገኝን ጠይቄያለሁ።»

«እኔ ዐውቄ ነበር። ድርሰት አለመሆኑን። ያንን ትንፋሽ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ልነሣ አልኩና የሚስቁብኝ መስሎኝ ተቀመጥኩ።» ሁለቱ ወጣቶች ከኋላው እንዳሉ ያውቃል፤ ድምፁን አልቀነሰም።

ኢንስፔክተሯ ረጅም ጊዜ አየችው። «ይህ በሕግ አያስጠይቅዎትም፣ ሻምበል።»

«ማን ይጠይቀኛል ታዲያ?»

እጁን ጨብጣው ወጣች።

ሻምበል ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ለልጁ ደወለ። ከጀርባዋ የሆስፒታሉ ጫጫታ ይሰማል።

«አባዬ! ለቀቁህ? ጨረሱ?»

«ጨርሰዋል። ልጄ፣ ስሚኝ። ውጭ አልነበርኩም። ውስጥ ነበርኩ፤ ከፊት።»

ጫጫታው ራቀ፤ ወደ ሌላ ክፍል ገብታ በር ዘጋች። የሚቀጥለው ለቅሶ ወይም ስድብ መስሎት ጠበቀ። እሷ ግን እንደ ነርስ ነበር የጠየቀችው።

«መጀመሪያ ሳል ነበር ወይስ ፉጨት?»

«ፉጨት።»

«ከንፈራቸው ሲጠቁር አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ይተነፍሱ ነበር?»

ሻምበል ዓይኑን ጨፈነ። የመማሪያ ክፍሎቹ በር ተከፍቶ ተማሪዎች ከየመሣሪያቸው ጋር እየሳቁ ባጠገቡ አለፉ። «ይተነፍሱ ነበር» አለ። «ረጅም ጊዜ።»

በስልኩ ውስጥ የልጁ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ።

«ቀጥል» አለችው።